የአክስቴ ሰባተኛ ሲኒ

ዲላ፣ አክስቴ ቤት፣ ረከቦቱ ላይ ስድስት ሲኒዎችና አንድ እንግዳ ዕቃ አሉ። ስድስቱን አንባቢ ያውቃቸዋል፤ እኔ ባልነግረውም በየሄደበት ቤት ቡና ጠጥቶባቸዋል። ነጭ ናቸው፤ ጠርዛቸው በወርቃማ ቀለም ተከቧል፤ ሆዳቸው ላይ ከየትኛው አገር እንደተቀጠፈች የማትታወቅ ሮዝ አበባ አለች። ሰባተኛው ከነርሱ ሦስት እጥፍ ይሰፋል። እጀታ የለውም። ከሥሩ ቀለበት የመሰለ አጭር እግር አለው፤ ነጭነቱ ወደ አመድማ ያደላል። ዙሪያውን በሰማያዊ ቀለም የተሳለ ሐረግ ይዞረዋል። ሐረጉ አንዱ ጋ ይወፍራል፣ ሌላው ጋ ይቀጥናል፤ የተጀመረበትና ያለቀበት ቦታም በትክክል አልገጠመም። የሳለው ሰው ብሩሹን ነክሮ፣ ዕቃውን በግራ እጁ እያዞረ፣ በአንድ ትንፋሽ እንደጨረሰው ያስታውቃል።

የጃፓን የሩዝ ሳህን ነው። ከዓመታት በፊት ቡና ፍለጋ ይርጋ ጨፌ ደርሶ የተመለሰ አንድ እንግዳ አክስቴ ቤት ሦስቱንም ጠጥቶ ሲነሣ ከሻንጣው አውጥቶ ሰጣት። በአስተርጓሚ እንደነገራት፣ በአገሩ አንድ ቤት ውስጥ እያንዳንዱ ሰው የራሱ የሩዝ ሳህን አለው፤ የአባት የአባት ነው፣ የልጅ የልጅ ነው፤ አንዱ የሌላውን አንሥቶ አይበላበትም። አክስቴ ይህ ገረማት። እኛ ዘንድ ማዕዱ አንድ ነው፤ ሲኒውም ዛሬ ከጎረቤት እጅ፣ ነገ ከእንግዳ እጅ እየተቀባበለ ይኖራል፤ «የኔ» የሚለው ሲኒ ያለው ሰው እስከዚያች ቀን አላየሁም። «ምን ያለው ለየብቻ የሚበላ አገር ነው!» ብላ ሳቀች። ሳህኑን ግን ወደደችው። መጀመሪያ ጨው አስቀመጠችበት፤ ቀጥላ ንጥር ቅቤ። ከጊዜ በኋላ ሐኪም «ቡና ቀንሺ፤ በቀን አንድ ይበቃሻል» ሲላት ትዝ አላትና ቅቤውን አውጥታ ወደ ረከቦቱ አመጣችው። «አንድ ብቻ ነው የምጠጣው» ትላለች ዛሬ፣ ያንን ሦስት ሲኒ የሚውጥ ዕቃ በሁለት እጇ አቅፋ።

ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ ያ ሐረግ ነው። ባለፈው ክረምት እርሷ ዘንድ ከርሜ ነበር። ዝናቡ ከቤት ሲያስቀረኝ፣ አቦሉ ሲቀዳ፣ ዓይኔ ሁልጊዜ እርሱ ላይ ያርፋል። ስድስቱን ሲኒዎች በቀን ስንት ጊዜ አነሣቸዋለሁ፣ አስቀምጣቸዋለሁ፤ አንዱን እንኳ አስተውዬው አላውቅም። ሰባተኛው ላይ ግን የሰው እጅ አለ። ስሙን ያልጻፈ፣ ምናልባት በዚያን ዕለት ራሱን ያመመው፣ ምናልባትም ለምሳ የቸኮለ ሰው እጅ። የሐረጉ ጫፍና ጫፍ የተላለፉበት ቦታ ላይ ያ ሰው አለ። ከዚያ ወዲያ አንድ ጥያቄ አልለቀኝ አለ፤ ቡናውን ከጓሮዋ ለቅማ፣ በእጇ ቆልታ፣ በእጅ በተሠራ ጀበና የምታፈላ ሴት፣ አፍ የሚነካውን ዕቃ ብቻ ስለምን ከማሽን ትቀበላለች?

ቃሉ ራሱ ይመሰክርብናል። ሲኒ የሚለውን ስም ከዐረብኛ ነው የወሰድነው፤ «ቻይናዊ»፣ «የቻይና» ማለት ነው። ዕቃውም ስሙም በባሕር መጡ፤ እኛም ስሙን አላመድነው እንጂ ዕቃውን አላለመድነውም። ጃፓኖች ቢሆኑ ከዚህ ዓይነቱ ነገር አላመለጡም። የሩዝ ሳህናቸውን «ጫዋን» ይሉታል፤ ቃል በቃል «የሻይ ሳህን» ማለት ነው። ዕቃው ከቻይና ከሻይ ጋር መጣ፣ በኋላ ሩዝ ገባበት፣ ስሙ ግን የሻይ እንደሆነ ቀረ። እንግዲህ አክስቴ በሻይ ስም በሚጠራ የሩዝ ሳህን ቡና ስትጠጣበት የዕቃውን ጉዞ አንድ እርምጃ ቀጠለችው እንጂ አላጠፋችም።

እንዲያውም ጉዞው ከርሷ በፊት ወደኛ ሰፈር ደርሶ ነበር። በ17ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ቻይና በሥርወ መንግሥት ለውጥ ጦርነት ስትታመስ የሸክላ ንግዷ ተስተጓጎለ። የሆላንድ ነጋዴዎችም ፊታቸውን ወደ ጃፓን አዞሩ፤ አሪታ በምትባል መንደር ከሚሠራው ነጭ ሸክላ ካስጫኑት መካከል ወደ የመኑ የሞካ ወደብ የሚሄዱ የቡና ሲኒዎች ነበሩበት። ሞካ ከቀይ ባሕር ማዶ፣ የኛ ዳርቻ ትይዩ ናት። ሩዙን እንጂ ቡናውን ምናልባት ቀምሶት የማያውቅ ጃፓናዊ ሠዓሊ፣ ላልጠጣው መጠጥ፣ ለማያየው አፍ፣ በሰማያዊ ቀለም ሐረግ ሳለ። የቡናው አገር ሰዎች ደግሞ እስከ ዛሬ በራሳችን ሲኒ ላይ አንዲት ጭረት አላሳረፍንም።

አላሳረፍንም ስል ማጋነን እንዳይመስልብኝ ዲላ ገበያ ወርጄ ሱቅ ለሱቅ ዞርሁ። «ምን ምን ዓይነት ሲኒ አላችሁ?» አልሁ። «ባለ አበባ፣ ባለ ጥለት፣ ባለ ባንዲራ» ተባልሁ። ባለ ጥለቱ ላይ የቀሚሳችን ጥበብ፣ ያው የምናውቀው ቀለም፣ በሥርዓት ተሰድሯል። ገልብጬ ሥሩን አየሁት፤ የቻይና ነው። በቻይና ሠራተኛ ላይ ቂም የለኝም፤ እርሱ የታዘዘውን ሠራ፣ በሚገባም ሠራ። ጥለቱ በወረቀት ላይ በማሽን ይታተማል፤ ወረቀቱ በውሃ ይነከርና ሥዕሉ ተላጥቶ ሲኒው ላይ ይለጠፋል፤ ከዚያ እቶን ይገባል። ሺህኛው ከመጀመሪያው በምንም አይለይም። ያስከፋኝ ጥለቱን ከሸማኔያችን ወስደን፣ ለማሽን ሰጥተን፣ መልሰን ገዝተን «ባህላዊ ሲኒ» ማለታችን ነው። ይርጋ ጨፌ የሚለው ስም የኛ ሆኖ በንግድ ምልክትነት እንዲታወቅ አገሪቱ ከስታርባክስ ጋር ተሟግታ እ.ኤ.አ. በ2007 ስምምነት ላይ ደርሳለች። ስሙን ለማስከበር ያን ያህል ተጉዘናል። ስሙ የሚቀዳበትን ዕቃ ግን እንዳገኘን።

«የእጅ ሥራ ውድ ነው፤ ድሀው በምን አቅሙ ይገዛዋል?» የሚለኝ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ነገሩ እውነትነት አለው፤ ስለዚህ ዝም ብዬ አላልፈውም። ጃፓን ውስጥ፣ በኤዶ ዘመን፣ በኪዮቶና በኦሳካ መካከል በሚፈሰው በዮዶ ወንዝ ላይ መንገደኛ የጫኑ ጀልባዎች ይመላለሱ ነበር። ምግብ ሻጮች በትናንሽ ታንኳ እየቀረቡ «ኩራዋንካ!» እያሉ ይጮኻሉ፤ «አትበሉም ወይ!» እንደ ማለት ነው፣ ጨዋነት በጎደለው አነጋገር። ምግቡ የሚቀርብበት ወፍራምና ርካሽ ነጭ ሳህን ስሙን ከዚያ ጩኸት ወሰደ። አብዛኛው ሃሳሚ ከምትባል የሸክላ መንደር የመጣ ነበር። ያ ርካሽ ሳህን ግን በእጅ የተሳለ ነው። ሠዓሊዎቹ አንዲት ሐረግ፣ አንዲት አበባ፣ ሁለትና ሦስት ጭረት፣ ከጠዋት እስከ ማታ ያንኑ እየደጋገሙ ይስሉ ነበር። ሲደጋገም እጁ ከሐሳቡ ይቀድማል፤ ሥዕሉ ይፈጥናል፣ ሲፈጥንም ይረክሳል፣ ሲረክስም ድሀው ይበላበታል። የአክስቴ ሳህን ሐረግ የዚያ ፍጥነት ዘመድ ነው። የእጅ ሥራ ውድ የሚሆነው እጁ ብርቅ ሲሆን ነው፤ ሸማኔ በበዛበት ዘመን ጋቢ የባለጸጋ ብቻ አልነበረም።

ተቃራኒውንም አልደብቅም። ያናጊ ሶኤትሱ የሚባል ጃፓናዊ አሳቢ፣ ሐማዳ ሾጂና ካዋይ ካንጂሮ ከሚባሉ ሁለት ሸክላ ሠሪዎች ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1925 «ሚንጌይ» የሚል ቃል ፈጠረ፤ የሕዝብ የእጅ ሥራ ማለት ነው። ስሙ የማይታወቅ ሰው ለዘወትር አገልግሎት የሠራው ዕቃ ስሙን ፈርሞ ከሚሸጠው ሊቅ ሥራ ይበልጥ ሊያምር እንደሚችል ተከራከረ። እ.ኤ.አ. በ1936 ለዚህ ዓይነቱ ዕቃ ቶኪዮ ላይ ቤተ መዘክር ተከፈተለት። ከዚያስ? ሐማዳ እ.ኤ.አ. በ1955 «ሕያው የአገር ቅርስ» ተብሎ ተሰየመ፤ ሳህኖቹ በውድ ዋጋ የሚሰበሰቡ ሆኑ፤ ለገበሬ ማዕድ የታሰበው ዕቃ መስታወት ውስጥ ገባ። ሐሳቡን እወደዋለሁ፤ ፍጻሜውን እፈራዋለሁ። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲሰፍር ደስ ካላቸው መካከል ነኝ። ነገር ግን ነገ አንድ ብልህ ነጋዴ የቱቱ ፈላን ትክል ድንጋይ ሲኒ ላይ አትሞ ለቱሪስት እንዳይቸረችርልኝ እሰጋለሁ። የምመኘው ሲኒ ለእንግዳ የሚሸጥ ሳይሆን የዲላ ሰው ከበረካው በኋላ ሳያስበው አጥቦ የሚደፋው ነው።

ምን ይሳልበት? እኔ ሠዓሊ አይደለሁም፤ ሆኖም ዓይን አለኝ። የእንሰት ቅጠል በአንድ ረጅም ጭረት ያልቃል፤ መሐል አከርካሪው በሁለተኛው። የቡና አበባ አምስት ቅጠል ነው፤ አምስት የብሩሽ ንክኪ። ከዝናብ በኋላ ጌዴኦን ያየ ሰው፣ ከዋንዛውና ከብርብራው ጥላ ሥር ቡናው ነጭ ለብሶ፣ መዓዛው መንገድ ድረስ ወጥቶ የተቀበለው ሰው፣ አበባው ከጥቂት ቀናት በላይ እንደማይቆይ ያውቃል። ነጭ አበባ በነጭ ሲኒ ላይ እንዴት ይሳላል ካላችሁኝ፣ እርሱ የሠዓሊው ጭንቀት ነው። ያችን ስም የለሽ ሮዝ አበባ ግን እንተኛት።

የቸገረን ሥዕል ወይም ገንዘብ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍሁ። ከጃፓን ለመማር የመጀመሪያዎቹ እኛ አይደለንም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓን ደርሰው መጥተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን አሳትመዋል፤ በ1923 ዓ.ም. የታወጀው ሕገ መንግሥት ከጃፓኑ ብዙ ወስዷል። የዘመኑ ምሁራን ጃፓን እንዴት እንደሠለጠነች ሲመረምሩ ያዩት ሕጓን፣ ጦሯንና ፋብሪካዋን ነው። የሸክላ ሠሪዋን ማዕረግ ልብ ያለ ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ። ያም ማዕረግ ቢሆን ከሰማይ የወረደ አልነበረም፤ የአሪታ ነጭ ሸክላ የተጀመረው እ.ኤ.አ. ከ1592 እስከ 1598 በተደረገው የኮሪያ ወረራ በተወሰዱ ኮሪያውያን ሸክላ ሠሪዎች እጅ እንደሆነ ይነገራል። ምርኮኛው ውሎ አድሮ ባለሙያ ተባለ፣ ባለሙያውም ተከበረ። እኛ ዘንድ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛ እንዳይሰደብ አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጅ ማስፈለጉ ራሱ ስድቡ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ ይናገራል። ከሰሜን እስከ ደቡብ ሸክላ የሚሠራ ወገን በየአካባቢው ስም አለው፤ ስሞቹን እዚህ አልዘረዝራቸውም፤ ብዙዎቹ ስድብ ሆነዋልና። ቡዳ ነው ይባላል፤ አብሮት አይበላም፤ ልጁም አይታጭም። በጀበናው ግን ይጠጣል።

አንድ ቀን አክስቴን፣ «ይህን ጀበና ማን ሠራው?» አልኋት።

«ከዚያችው ከገበያዋ ሴትዮ ነው የምገዛው። ከእናቴ ጀምሮ ከነርሱ ነው የምንገዛው።»

«እዚህ ቤት ቡና ጠጥታ ታውቃለች?»

አክስቴ ደግ ሴት ናት። መንገደኛ ሁሉ ያድርባታል። ጥያቄውን የሰማች አልመሰለችም፤ ከሰሉን ማራገብ ያዘች። ቆየት ብላ፣ «ምን አስጠየቀህ?» አለችኝ።

በሳምንቱ ሳህኑን በነጠላ ጠቅልለን አብረን ገበያ ወረድን። ሴትዮዋ በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ ጀበናዎቻቸውን በጭድ መሐል ደርድረው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። «እርስዎ ነዎት የሚሠሯቸው?» አልኋቸው። እሳቸው ዞር ብለው ከኋላቸው ሌላ ሰው መኖሩን አዩ። አክስቴም እኔን አየችኝ፤ እርሷ ሃያ ዓመት ሙሉ «አንቺ» ስትላቸው ኖራለች። ሳህኑን ሰጠኋቸው። ሥዕሉን አላዩም፤ ገልብጠው እግሩን ዳሰሱት። ከዚያ በጥፍራቸው ነካ አድርገው ጆሯቸውን አስጠጉ፤ ቀጭን ድምፅ ሰጠ። «እሳቱ የኛ እሳት አይደለም» አሉ። በመጨረሻ ወደ ሐረጉ መጡ፤ ጫፎቹ የተላለፉበት ላይ ጣታቸውን አሳርፈው ሳቁ። «ይኼ ሰው ቸኩሏል።»

እኔ ክረምቱን ሙሉ አፍጥጬ ያገኘሁትን በአንድ አፍታ አዩት።

ሲኒ እንዲሠሩልን ለመንናቸው። ያለ ማሽን፣ ያለ መዘውር፣ ጭቃውን በእጃቸው እያነሡ ስድስት ሠሩ፤ ጭቃው ሳይደርቅ በስንጥር የእንሰት ቅጠል ጫሩበት። ጠይም፣ ለስላሳ፣ ለእጅ የሚመቹ ነበሩ። አክስቴ ረከቦቱ ላይ ደርድራ ጎረቤት ጠራች። አቦሉ ተቀዳ፤ ጨዋታው ደመቀ። ቶና ላይ ስንደርስ የሲኒዎቹ ሆድ ላብ አወጣ፣ ረከቦቱም ረጠበ። «ቡናውን ሲኒው ጠጣው!» አለች አንዷ፤ ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጠነክረው። በሜዳ እሳት የተተኮሰ ጭቃ ቀዳዳ አያጣም፤ ውሃ ይመጥጣል። ነጭ ሸክላ ለመሆን ካኦሊን የሚባለው ነጭ አፈር፣ ከፈልድስፓርና ከኳርትዝ ጋር ተዋሕዶ፣ 1,300 ዲግሪ ገደማ የሚደርስ እቶን ውስጥ መግባት አለበት። ያ አፈር ሩቅ አገር አይደለም። ከጌዴኦ አጎራባች ከጉጂ ምድር፣ በአዶላ በኩል፣ ቦምቦውሃ ከሚባል ስፍራ ካኦሊን ሲወጣ ኖሯል፤ ሐዋሳ ያለው የታቦር ሴራሚክስ ፋብሪካም ያንን አፈር ተጠቅሞበታል። ሐዋሳ ከዲላ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በጉጂ መካከል በተነሣው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው ወጥተዋል፤ ዲላም ብዙዎቹን አስጠልላለች። ስለዚያ ሌላ ጊዜ። አፈሩ ግን በዚያ ነው፣ ቡናው በዚህ ነው፣ የሚሠራው እጅ ደግሞ በገበያው መሬት ላይ ተቀምጧል። ፋብሪካ ስናቆም እነዚህን ሴቶች አልጠራናቸውም፤ ባህል ስናወድስም ጀበናውን እንጂ ሠሪዋን አላነሣንም። የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ዲላ ዩኒቨርሲቲ አለን። አንድ እቶን፣ ጥቂት ኩንታል ነጭ አፈር፣ የአንዲት ባለሙያ ደመወዝ። ደመወዝ ስል ደመወዝ ማለቴ ነው፤ በዓመት አንድ ቀን ኤግዚቢሽን ላይ ቆሞ መጨብጨብ አይደለም። ተማሪው ስለ እሳቱ ያስተምራቸው፤ እሳቸው ስለ እጅ ያስተምሩት። መጀመሪያ የሚወጡት ሲኒዎች ይጣመማሉ፣ ይሰነጠቃሉ። አሪታም በአንድ ቀን አሪታ አልሆነችም።

በሚቀጥለው ገበያ አክስቴ ስሞታዋን ይዛ ወረደች፤ እኔም ተከተልኋት።

«ሲኒው ያፈስሳል» አለች።

«ጀበናውስ ስትገዢው አላፈሰሰም ነበር?» አሉ ሴትዮዋ። «በቡና አተላ አሟሺው እንጂ።»

«ጀበና ማሟሸት አውቃለሁ። ሲኒ አሟሽቼ አላውቅም።»

«ያው ነው።»

አክስቴ ትንሽ ዝም አለች። ነጠላዋን አስተካከለች፤ መሬቱን አየች፤ እኔን አላየችኝም።

«እንግዲያው ቤት መጥተው ያሳዩኝ» አለች።

ሴትዮዋ ጭዱን መነካካት አቆሙ። «ቤት ውስጥ?»

«ታዲያ ቡና ደጅ ይፈላል?»